በሁለት ጉዞ መሃል

አርቪ፣ ማለትም እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና፣ ያለው ሰው የሚፈራው ክረምትን ነው። ኮሎራዶ ላይ በረዶ ሊጥል ሲቃረብ ባለ መኪናው ሁሉ ይረባረባል፤ ውሃው ከቧንቧ ተንጠፍጥፎ ይወጣል፣ በምትኩ ሮዝ ቀለም ያለው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ይገባል፣ ባትሪው ተፈትቶ ጋራዥ ያድራል፣ መኪናው ሸራ ይለብሳል። ወራት ሊቆም ነውና ይጠነቀቁለታል። በሁለት ጉዞ መሃል ላለችው ሁለት ሦስት ሳምንት ግን የሚጨነቅ የለም። ጠራርገው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን አስረክበው ይሄዳሉ። እኔን፣ ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቼንና ለጥየቃ የመጣችውን እናቴን አንድ ሌሊት ከሞት አፋፍ ያደረሰን በዚያች አጭር ጊዜ መኪናው ውስጥ የሆነው ነገር ነው። ተርፈናልና የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ። አርቪ የገዙ ወገኖቼ እየበዙ ስለሆነ ዝም ብዬ ልይዘው አልችልም።

የምንኖረው አውሮራ ነው፤ ከዴንቨር ጎን፣ ሐበሻ በብዛት የሚኖርባት ከተማ። ከኮቪድ በኋላ አሜሪካ በሙሉ አርቪ መግዛት ያዘ፤ በ2021 ብቻ ከፋብሪካ የወጣው 600 ሺህ ያህል ነበር። እኛም ከጥቂት ወዳጅ ቤተሰቦች ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ ገዛን። ሞተሩ የራሱ የሆነ፣ ማድቤትና ሽንት ቤት ያለው፣ ስድስት ሰው የሚያስተኛ ነው። ተራ የምናወጣው እንደ ዕቁብ በዕጣ ነው። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መኪናው የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በወር በሚከራይ፣ አጥር ባለው ጠጠር ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ኤሌክትሪክ የለውም። ዙሪያው ሜዳ ነው፤ ሣሩ ደርቆ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር የሜዳ አይጥ ሁሉ ሞቅ ያለ ጎሬ ፍለጋ ይወጣል።

ከኛ በፊት ተራ የነበራቸው ቤተሰቦች መኪናውን የመለሱት ሴፕቴምበር ሲያልቅ ነው። እንዲህ ያለ ጽዱ ሰው አላየሁም። የሽንት ቤቱን ታንከር መጀመሪያ፣ የእጥበቱን ውሃ ቀጥለው ደፍተዋል፤ በዚህ ተራ ሲደፋ የእጥበቱ ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይሄዳል። የፍሪጁን በር እንዳይሻግት ገርበብ አድርገው ትተዋል። የፕሮፔኑን ጋዝ ከሲሊንደሩ አንገት ላይ ዘግተዋል። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ። ባለፈው ጊዜ መኪናው ቆሞ ባትሪው ሞቶ ስለነበረ ምን እንደሚጨርሰው አጠያይቀው ነበር። አርቪ ውስጥ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንኳ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ አይጠፋም፤ ዋናው የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ነው። ሌት ተቀን ስለሚሠራ ቻርጅ የማያገኘውን ባትሪ በሳምንታት ውስጥ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ የአላርሙን ፊውዝ ነቅለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ጋዙ ተዘግቷል፣ የሚተኛበት ሰው የለም፣ አላርሙ ማንን ይጠብቃል? ሐሳባቸው ይህ ነበር፤ ለቆመ መኪና ስሕተት የለበትም። መኪናው ሲነሳ ፊውዙን የሚመልሰው ሰው ግን አልተሰየመም፤ በርክክቡም ላይ አልተነሳም።

ተራው የኛ ሲሆን እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። የት እንውሰዳት ስንባባል የታላቁ አሸዋ ክምር ብሔራዊ ፓርክ መጣልን። ከዴንቨር ወደ ደቡብ በ285 መንገድ ተነድቶ፣ የፖንቻን በር ተሻግሮ ሳን ሉዊስ የሚባለው ሰፊ ሸለቆ ይዘረጋል። በሸለቆው ምሥራቅ ጠርዝ፣ ሳንግሬ ዴ ክሪስቶ ከተባሉት ተራሮች ሥር፣ በሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው የአሸዋ ክምር ቆሟል፤ ትልቁ ከ220 ሜትር በላይ ነው። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። ልጆቹ ሲንከባለሉ ዋሉ። ማደሪያችን ፓርኩ ውስጥ ያለው የፒንዮን ፍላትስ ካምፕ ነበር። እዚያ ኤሌክትሪክ የሚሰካበት ቦታ የለም፤ መብራቱም ማሞቂያውም በራስ ባትሪና በራስ ጋዝ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ አጥንት ገባ።

ሽሮ በላን፣ ሻይ ጠጣን፣ ማሞቂያው ተለኮሰ። የአርቪ ማሞቂያ ፕሮፔን አቃጥሎ አንድ የብረት ሣጥን ያግላል፤ ቬንቲሌተሩ ደግሞ የቤቱን አየር በዚያ የጋለ ሣጥን ዙሪያ አሳልፎ ሞቅ ሲል በወለሉ ቀዳዳዎች ይመልሰዋል። የእሳቱ ጭስና የምንተነፍሰው አየር መገናኘት የለባቸውም። እሳቱ አየር የሚስበው ከውጭ ነው፣ ጭሱንም የሚተፋው ወደ ውጭ ነው፤ መኪናው ጎን ላይ ያሉት ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ልጆቹ ከኋላ አልጋው ላይ፣ እናቴ ከበሩ አጠገብ ተዘርግቶ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ላይ፣ እኛ ከሾፌሩ በላይ ባለው ተኛን።

ስነቃ ጨለማ ነው። ግንባሬንና ማጅራቴን ጨምድዶ የያዘ ራስ ምታት፣ ከሥሩም ማቅለሽለሽ። ትልቋ ልጄ ቀድማ ነቅታ ሽንት ቤቱ ውስጥ ታስመልሳለች። ባለቤቴ ከተኛበት ሳይነሳ፣ «ከፍታው ነው፣ ውሃ ስጫት» አለኝ። ቀን ላይ በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ የሚነግረን ይህንኑ ነበር፦ እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ውሃ ጠጡ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ክፋቱ ይሄ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፤ ጉንፋን ነው ብትለው ይመስላል፣ ምግብ ነው ብትለው ይመስላል፣ ተራራ ላይ ከሆንክ ደግሞ ከፍታ ነው ብትለው ከሁሉ በላይ ይመስላል። ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ሰውነት ሲመረዝ ደግሞ የመጀመሪያው ተጎጂ ማሰቢያው ራሱ ነው። እግሬ ከመሰላሉ ሊወርድ እምቢ ሲለኝ እንኳ አልደነገጥኩም። ደስ የሚል ስንፍና ነበር የተሰማኝ፤ ተመልሶ መተኛት ብቻ ነው የሚያስመኘው።

ያን ጊዜ እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እዚህ ቤት ከሰል አለ እንዴ?»

«የምን ከሰል እማዬ? የለም፤ ከፍታው ነው፣ ቦታው ከፍ ያለ ነው።»

«የቱ ነው ከፍታ? ደብረ ብርሃን ሰባ ዓመት የኖረን ሰው ይሄ ሜዳ ራሱን ሊያዞረው?» አለች። ድምፅዋ ይጎተታል፣ ግን ቁጣ ነበረው። «ይሄ የከሰል ራስ ምታት ነው። አውቀዋለሁ። ተነሱ! በሩን ክፈቱ! ልጆቹን አውጡ!»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው የምትገኘው። እናቴ ቁጥሩን አታውቀውም፤ ብርዷን ግን ታውቃለች፣ በዚያ ብርድ ምሽት ሰው ቤት የሚገባውን የከሰል ምድጃም ታውቃለች። በልጅነቴ ከሰሉ ደጅ ላይ ሳይፋም ቤት ማስገባት በኛ ቤት ያስመታ ነበር። ምክንያት ነበራት፦ ከኛ ግድግዳ ማዶ የሚኖሩ ባልና ሚስት በአንድ የበዓል ዋዜማ ምድጃቸውን አስገብተው፣ በርና መስኮት ጠርቅመው ተኝተው በዚያው ቀርተዋል። በሩን ሰብረው ከገቡት አንዷ እናቴ ነበረች። እሷ ራሷም በወጣትነቷ ከሰል አዙሯት በጎረቤት ጩኸት ተርፋለች። ያ ራስ ምታት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አሸዋ ሥር፣ በማታውቀው መኪና ውስጥ ሲመጣባት ለየችው።

የአርቪ በር ሁለት መቆለፊያ አለው፤ ታችኛው ይጎተታል፣ ላይኛው ይዞራል። ጣቶቼ ላይኛውን ይዘውታል፣ ወደየት እንደሚዞር ግን ጠፋኝ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። እናቴ ከኋላዬ «በይ! በይ!» ትላለች። ሲከፈት ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ፤ ደረጃው ላይ በጉልበቴ ወረድኩ። ትልቋ ግድግዳ ይዛ በራሷ ወጣች። ባለቤቴ ከላይ ሲወርድ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ትንሹ አልነቃም። ስሙን ብንጠራ፣ ብንወዘውዘው አልነቃም። እናቴ ከተኛበት ብርድ ልብስ ጋር ወለሉ ላይ እየጎተተች በሩ ድረስ አደረሰችው፤ ከዚያ እኔና ባለቤቴ ተቀበልናት። እጄ ላይ ሲያርፍ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተዘረረ። ይተነፍስ ነበር። ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጉንጩን እየመታሁ በማስታውሰው ቃል ሁሉ ጸለይኩ።

እናቴ የጮኸችው በአማርኛ ነው፤ የገባው ሰው ግን ነበረ። ከአጠገባችን በትንሽ ተጎታች ያደሩ አንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው ሮጠው መጡ። ባልየው ወሬ አላበዛም። «ውስጥ የቀረ ሰው አለ?» ብሎ ቆጠረን፣ ወደ ሲሊንደሩ ሄዶ ጋዙን ዘጋ፣ ገብቶ መስኮቶቹን ከፈተና ወዲያው ወጣ። ሚስትየው 911 ደወለች። ልጄን ከእጄ ወስዳ በጎኑ አስተኛችው፣ የራሷን ኮት አለበሰችው። የፓርኩ ሠራተኞች መለኪያ ይዘው ሲደርሱ በርና መስኮቱ ተከፍቶ የቆየ ቢሆንም መሣሪያው በሩ ላይ ይጮኽ ነበር። ልጄ ዓይኑን የገለጠው አምቡላንሱ ውስጥ ኦክስጅን ከተደረገለት በኋላ ነው።

አላሞሳ ከፓርኩ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አለፍ ትላለች። ሆስፒታሉ ውስጥ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ነገር ጣቴ ላይ የተቆነጠጠችው የኦክስጅን መለኪያ ነበረች፤ 98 ትላለች። ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ጭምብሉን ላወልቅ ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ። ያቺ መሣሪያ የምታነበው የደሙን መቅላት ነው፤ ኦክስጅን የተሸከመውንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመውን ደም አትለይም። እውነቱን የሚናገረው የደም ምርመራው ነው። ጤነኛ ሲጋራ የማያጨስ ሰው ደም ውስጥ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ቢገኝ ነው፤ የኔ 19፣ የትንሹ ልጄ 24 ነበር። ልጆች ትንፋሻቸው ቶሎ ቶሎ ስለሆነ ከትልልቁ ቀድመው ይሞሉታል። ጋዙ ከደማችን ቀይ ሕዋስ ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። በተራ አየር ግማሹ ብቻ እስኪለቅ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ጭምብሉን አድርገን ነጋ፣ ረፈደም። ሐኪሙ ትንሹን የመምህሩን ስም ጠየቀው። ነገረው። ከዚያ በኋላ ነው የተነፈስኩት።

ከሆስፒታል ስንወጣ አላበቃም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የመነጫነጭ፣ የሐሳብ መበተን ነገር ሊመጣ እንደሚችል ነግረውን ነበር፤ መጣም። ባለቤቴ በየቀኑ የሚሄድበትን የሥራ መንገድ መውጫ ሁለቴ አለፈው። እኔ ወጥ ጥጄ ምን እንደጨመርኩና ምን እንደቀረኝ አላውቅም ነበር። ልጆቹ ላይ ይህ አልታየም፤ በቀጠሮ እየሄድን አስመረመርናቸው። ጉሙ ከኛ ላይ የተገፈፈው ቀስ በቀስ ነው። በዚህች አገር በእሳት ቃጠሎ ሳይሆን በዚህ ጋዝ ብቻ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው ይሞታል፣ ከ100 ሺህ በላይ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ከዚህ ቁጥር ውስጥ እኔም፣ ልጆቼም፣ እናቴም አለንበት።

መካኒኩ ማሞቂያውን ፈትቶ ሲያወጣ እዚያው ቆሜ አየሁ። እሳቱ አየር የሚስብበት መንገድ ውስጥ ጡጫ የሚያህል ጎጆ ተጠቅጥቋል፤ ከሶፋው የተነጨ ስፖንጅ፣ የተበጣጠሰ ሶፍት፣ ደረቅ ሣር። አይጥ ስድስት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ መሹለክ ትችላለች፤ እርሳስ የሚያሾልክ ሁሉ በሯ ነው። በቂ አየር ያጣ እሳት በሙሉ አይነድም። ንጹሕ ሰማያዊ ነበልባል መሆኑ ይቀርና ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ጥቀርሻው ሣጥኑን ከውስጥ አጥቁሮታል። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ደግሞ ከግድግዳው ጋር የሚጋጠምበት ላይ ክፍተት ነበረው። በዚያች ክፍተት የወጣውን መርዝ ቬንቲሌተሩ ስቦ፣ አሙቆ፣ በየአልጋችን ሥር ሲያከፋፍል አደረ። አላርሙ የሚገኘው ከምግብ ጠረጴዛው አግዳሚ ሥር፣ ወለል አጠገብ ነው፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድና ወደ ታች ስለሚተኛ ሁለቱን የሚጠብቅ አላርም እዚያ ይገጠማል። ፊውዙ መሳቢያው ውስጥ፣ ከክብሪቱ ጎን ተቀምጧል። አላርሙ ሲገለበጥ ደግሞ ጀርባው ላይ የታተመው የአገልግሎት ዘመን ካለፈ ከርሟል። ፊውዙ ቢመለስም ኖሮ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ነበር።

የማኅበራችን ቤተሰቦች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ፊውዙን የነቀለው ወንድማችን አለቀሰ፤ እናቴ ናት ተነስታ ያቀፈችው። በሱ የሚፈርድ አልነበረም። የተነጋገርነው መኪናው ለአጭር ጊዜ ሲቆም ምን እንደሚደረግለትና ሲነሳ ማን ምን እንደሚያይ ነው። ያን ያወጣነውን ሥርዓት ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ባትሪውን ለማዳን አላርሙን ነጥሎ ማጥፋት በኛ ዘንድ ቀርቷል። የባትሪው የኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይተኛል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል። መብራት ፈልጎ ገመዱን የሚያስር ሰው ሳያስበው አላርሙንም ያስነሳል ማለት ነው። ዋና ማጥፊያ ያላቸው መኪኖች አሉ፤ በብዙዎቹ ግን አላርሙ ማጥፊያውን አልፎ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚያያዝ እሱ ብቻውን ይጠጣል። ከመፈታቱ በፊት ባትሪው ይለካል፦ 12.6 ቮልት ካለ ሙሉ ነው፣ 12 አካባቢ ከወረደ ግማሹ አልቋል። ባዶ ባትሪ በብርድ ሌሊት በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ሙሉው በዚያው ብርድ ምንም አይሆንም። ከዚህ ሌላ በራሱ ባትሪ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ አላርም ገዝተን ከመኝታው አጠገብ ሰቅለናል። የሁለቱም የማብቂያ ዓመት በትልቁ በማርከር ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

የማሞቂያው ቀዳዳዎች ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገበያ ላይ የሽቦ ወንፊት ይሸጣል፤ ብዙ ሰው ገዝቶ ይገጥመዋል። አንዳንድ የማሞቂያ አምራቾች ግን ወንፊቱ ራሱ የእሳቱን አየር ሊያጠበው ስለሚችል እንዳይደረግ ያስጠነቅቃሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። እኛ መኪናው ሲቆም ብቻ በክዳን እንሸፍናቸዋለን። ከክዳኑ ጋር የሚሄድ ቀይ ጨርቅ መሪው ላይ ይታሰራል፤ ክዳኑ ሳይነሳ ጨርቁ አይፈታም፣ ጨርቁ ሳይፈታ መኪናው አይነዳም። ከሥር ቧንቧና ገመድ የሚያልፍባቸው ክፍተቶች በብረት ሱፍ ተጠቅጥቀዋል። ምግብ የሚባል አይቀርም፤ ፓስታው፣ በሶው፣ የልጆቹ ብስኩት፣ ሶፍቱ ሳይቀር ይወጣል። ሽታው አይጥ ያባርራል ስለሚባለው ነገር ሁሉ ሲወራ እሰማለሁ፤ አላምንበትም። ወጥመድ አምናለሁ።

የአይጥ ፋንድያ ከተገኘ ደግሞ መጥረጊያ አይነሳም። ይህ በምዕራብ አሜሪካ ለምንኖር ቀልድ አይደለም። በ1993 አራት የአሜሪካ ግዛቶች በሚገናኙበት አካባቢ ጤነኛ ወጣቶችን በድንገት የገደለው ሃንታ ቫይረስ የሚመጣው ከሜዳ አይጥ ሽንትና ፋንድያ ነው፤ ሲጠረግ በአቧራው በኩል ሳንባ ይገባል። መስኮት ተከፍቶ አየር ይገባል፣ ጓንት ይደረጋል፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይረጫል፣ አምስት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በእርጥብ ወረቀት ይታፈሳል።

ውሃው በበጋ ለሁለት ሳምንት ቢቆም ብዙ አይጎዳም፤ ንጹሕ ውሃው ይደፋል፣ ለሽንት ቤቱ ታንከር ግን እንዳይደርቅ ጥቂት ውሃ ይተውለታል። መጸውና ጸደይ ላይ ነው ተንኮሉ። ኮሎራዶ ቀን ሸሚዝ የሚያስለብስ ፀሐይ ወጥቶ ሌሊቱን ቧንቧ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ከሴፕቴምበር ወዲህ የውሃ ማሞቂያው ጋን ሳይቀር እንደ ክረምቱ ይንጠፈጠፋል። ጎማ ይነፋል፣ ከፀሐይ ይሸፈናል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን የመጨረሻው ነው። ጉዞው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ማሞቂያው ይለኮሳል። የሚነዳው ቤተሰብ ብቻውን አያደርገውም፤ የመለሰው ቤተሰብም ይገኛል። አንዱ ውስጥ ሆኖ አላርሞቹን ይፈትናል፤ ቁልፋቸውን ተጭኖ ጩኸታቸውን ይሰማል። ሌላው ውጭ ቆሞ የጭሱን መውጫ ያያል። ዙሪያው ከጠቆረ፣ እሳቱ እየተንተከተከ ከነደደ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ ካለ ጉዞው ይቀራል። በዓመት አንድ ጊዜ መካኒክ ማሞቂያውን ፈትቶ ያያል፤ ገንዘቡን ሁላችንም እኩል እናዋጣለን። ውድ ነው ያለ አልተገኘም።

እናቴ ከመመለሷ በፊት አላርሙ እንዴት እንደሚሠራ አስረጂኝ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። «ለከሰልም ይጮኻል?» አለች። ይጮኻል፤ ጋዙ ያው ነው። በአገራችን በየብርዱ፣ በየበዓሉ ዋዜማ በከሰል ጭስ ታፍነው የሚቀሩትን ሳስብ፣ ይህ ዕቃ በየቤቱ የማይገኘው ለምንድን ነው እላለሁ። አሥር ዓመት የሚቆይ ባትሪ ውስጡ የታሸገበትን ሁለት ገዛሁላት፤ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለእህቷ። የሷ አንድ ምሽት ጮኸ፤ ሠራተኛዋ ያልፋመ ከሰል ጀበና ጥዳበት ሳሎን አስገብታ ነበር። ምድጃው ወጣ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ቡናው በረንዳ ላይ ተፈላ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ምን እንደሆነ ጠይቀው አሁን ለኛም አስልኪልን እያሉ ነው። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ አራት ይዞልኝ ይሄዳል።